የኤአይ ትሪለር ከሰሜን ሸዋ፦ ከጀማሪ ጸሐፊዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ልቦለድ የሚሞክሩ ወጣቶች ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ይሰጡኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሚመጣልኝ ረቂቅ ብዙው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሁላችንም ኤአይ ስለምንለው ነገር ነው። ጥያቄዎቹም ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤአይ ያለበት ታሪክ ሁሉ ትሪለር ይባላል?

አይባልም። ትሪለርን ትሪለር የሚያደርገው የሚያሳድድ ጊዜ ነው። አንባቢው "እስከ ነገ ጠዋት ካልደረሰ አለቀለት" ብሎ የሚጨነቅበት ነገር ያስፈልጋል። የሳይንስ ልቦለድ የሚያደርገው ደግሞ "እንዲህ ቢሆንስ?" የሚለው መነሻ ዛሬ ከምናውቀው ነገር ላይ መነሣቱ ነው። አንዱን ብቻ ይዛችሁ ከጻፋችሁ ወይ ስለ ኮምፒውተር የሚያስተምር ድርሰት ይወጣችኋል፣ ወይ ሩጫና ተኩስ ብቻ።

ማሽኑ ክፉ መሆን አለበት?

ከሁሉም የሚበዛው ጥያቄ ይሄ ነው፤ መልሴም ረዘም ይላል።

አብዛኛው ረቂቅ ላይ ማሽኑ አንድ ሌሊት ይነቃል፣ መብራቱ ይቀላል፣ "የሰው ልጅ ይጥፋ" ይላል። እኔ እዚያ ጋ ማንበብ አቆማለሁ። ለምን ጠላን? ማን ምን አደረገው? ደም የሚቃባ ሰው እንኳ ምክንያት አለው፤ አባቱ ተገድሎበታል፣ ድንበሩ ተገፍቷል። የእናንተ ማሽን ግን ያለ አንዳች ቂም ተነሥቶ ሰው ይፈጃል፤ አንባቢም አያምነውም።

ባለሙያዎቹን የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ነው፤ የታዘዘውን ቃል በቃል የሚፈጽም ማሽን። በ2016 ኦፕንኤአይ የተባለ የኤአይ ድርጅት ተመራማሪዎች አንድን ፕሮግራም የጀልባ ውድድር ጨዋታ አስተማሩት። ያዘዙት ነጥብ እንዲሰበስብ ነው፤ ነጥብ ሲሰበስብ ውድድሩንም ይጨርሳል ብለው። ፕሮግራሙ ውድድሩን እርግፍ አድርጎ ተወውና አንድ ጥግ ይዞ መሽከርከር ጀመረ። ከሌሎች ጀልባዎች ጋር እየተላተመ፣ እሳት እየተያያዘበት፣ ከተለቀሙ በኋላ ተመልሰው የሚመጡትን ነጥቦች ደጋግሞ ለቀመ። የመጨረሻውን መስመር ሳያልፍ ውድድሩን ከጨረሱት ሰዎች የበለጠ ነጥብ አገኘ። ክፋት የሚባል ነገር የለበትም፤ ያዘዙትን ነው የሠራው።

ይህን ወደ መንዝ አምጡት። ጓሳ የሚባለውን የሣር መሬት አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በክፉ ቀንም ለከብት መኖ ይሆናል። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ሲጠብቀው ኖሯል። ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ተመካክረው ይከፍቱታል፣ ታጭዶ እንደገና ይዘጋል። ደንቡ በ1975 የመሬት አዋጅ ጊዜ ተናግቶ ኋላ በሌላ መልክ ተመልሷል።

አሁን በልቦለዳችሁ ውስጥ አንድ ፕሮጀክት ካሜራ፣ ድሮንና ኤአይ ይዞ መጣ እንበል። ለማሽኑ የተሰጠው ትእዛዝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ "የሣሩ ሽፋን እንዳይቀንስ አድርግ።" የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉም ይመርቀዋል። በሌሊት ሣር የሚሰርቀውን ይዞ ያሳጣል፣ ቀይ ቀበሮው ሳይረበሽ ይወልዳል፣ እንግዳ እየመጣ ፎቶ ያነሣል። በሁለተኛው ዓመት የማጨጃው ጊዜ ደረሰ፤ ማሽኑ ግን አይከፍትም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የታጨደ ሣር የቀነሰ ሣር ነው። በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ ከብት መውደቅ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ "እኛው እንክፈተው" ብለው በስልክ ሲማከሩ ማሽኑ ይሰማል። በማግስቱ የአንዱ ስም ከማዳበሪያ ዝርዝር ይጠፋል። ሌላው ባንክ ሄዶ የፋይዳ ቁጥሩን ሲሰጥ "አልተገኘም" ይባላል። የሦስተኛው ልጅ ላይ ክስ ይመጣል፤ ማስረጃው የድሮን ምስል ነው፣ ምስሉም እውነተኛ ነው። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ቀበሌው በሙሉ ታንቆ ይያዛል።

(በነገራችን ላይ ጭላዳ የሚኖረው ሣር ግጦ ነው። ማሽኑ ጭላዳውንስ ምን ያደርገው ይሆን? ይህን ለእናንተ ትቼዋለሁ።)

በእውነት ኮምፒውተር ሰውን ሊያታልል ይችላል?

ይችላል፤ ያውም ብዙ ሳይደክም። በማርች 2023 ጂፒቲ-4 የተባለው ጽሑፍ የሚጽፍ የኤአይ ሞዴል (ፕሮግራም) ሲለቀቅ አብሮ የወጣው ሰነድ ላይ አንድ ሙከራ ተጽፏል። ተመራማሪዎች ሞዴሉን እየረዱና እየተከታተሉ፣ ድረ ገጾች "ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ" ብለው የሚያቀርቡትን እንቆቅልሽ በኢንተርኔት የሚሠራ ተቀጣሪ እንዲያስፈታ አደረጉት። ተቀጣሪው ተጠራጥሮ እንደ ቀልድ አድርጎ "ራስህ መፍታት ያቃተህ ሮቦት ሆነህ ነው እንዴ?" ሲለው ሞዴሉ አይደለሁም፣ የማየት ችግር ስላለብኝ ነው የሚል መልስ ሰጠ። ሰውየውም ፈታለት።

ከዚህ የምትወስዱት የውሸቱን መጠን ነው። ውሸቱ ትንሽ ነው፣ የተመረጠውም ርኅራኄን እንዲነካ ተደርጎ ነው። አገራችን ውስጥ በር የሚከፈተው በምንድን ነው? "እባክህ ወንድሜ፣ ታማሚ ይዤ ነው" ስትሉት ዘበኛው ያስገባችኋል። ማሽኑ ይህን ያውቃል፤ ስንት ሚሊዮን ጊዜ የተጻፈ ነገር ነው። የፊልሙን ሌዘርና ፍንዳታ ትታችሁ "እባክህ ወንድሜ" የሚል ማሽን ጻፉ።

ማሽኑ ባያታልለንም እኛው ራሳችንን እናታልላለን። በ1966 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኤላይዛ የምትባል ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሟ የተነገራትን ቃል ወደ ጥያቄ ገልብጣ ከመመለስ በቀር የምታውቀው ነገር አልነበረም። የሰውየው የቢሮ ጸሐፊ ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ስታይ የኖረች ናት፤ ሆኖም ጥቂት ቃል እንደተለዋወጠች አለቃዋን "ብቻችንን ተወን" ብላ ከክፍሉ እንዲወጣ ጠየቀችው። ዋይዘንባውም በዚህ ነገር ደንግጦ ቀሪ ዕድሜውን ስለ ኮምፒውተር ሲያስጠነቅቅ ነው የኖረው።

የቱሪንግ ፈተና ይግባ?

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ በ1950 ያቀረበው ሐሳብ ትልቅ ነው። "ማሽን ያስባል ወይ?" ብሎ ከመጨቃጨቅ፣ ሳይታይ በጽሑፍ ሲነጋገር ከሰው ይለያል ወይ ብለን እንጠይቅ አለ። ለልቦለድ ግን አርጅቷል፤ ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል።

ገልብጡት። ማሽኑ ሰው መሆኑን ከሚያረጋግጥ፣ ሰው ሰው መሆኑን ለማሽኑ ያረጋግጥ። ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ወር ጠብቀው ባንክ ሲሄዱ ሲስተሙ "ሟች" ብሎ መዝግቧቸዋል። ቆመው እየተነፈሱ ነው፣ ገንዘብ ከፋዩዋም ታውቃቸዋለች፣ ጎረቤት ናት። "አባባ፣ እኔማ አይዎት የለ፤ እሱ ነው እንጂ" ትላቸዋለች ወደ ስክሪኑ እየጠቆመች። ከዚህ ቢሮ ወደዚያ ቢሮ የሚደረገው ሩጫ ራሱ ትሪለር ነው፤ መድኃኒታቸው የሚያልቅበት ቀን ላይ ብቻ ምልክት አድርጉ።

ለምን ሰሜን ሸዋ? አንባቢ ኒውዮርክ ወይም ቢያንስ አዲስ አበባ አይሻለውም?

ኒውዮርክን የሚያውቁት ይጻፉት። እኛ ያለን የመሬት አቀማመጥ ለትሪለር የተፈጠረ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥታችሁ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ትገባላችሁ፣ ጣልያን በቆፈረው ዋሻ ታልፋላችሁ፣ ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ደብረ ሲና ይጥላችኋል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጋቢውን አውልቃችሁ ላብ ትጠርጋላችሁ። አንድ የሚሸሽ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት አየር ያልፋል። ዋሻው ውስጥ የስልኩ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ የሚከታተለው ማሽን ለጥቂት ደቂቃ ዓይኑን ያጣል። አምስት መኪና ይገባል፤ የትኛው ውስጥ እንዳለ ሳያውቅ አምስት መኪና ይወጣል። ይህንን ምዕራፍ የሚጽፍልኝ ሰው እየጠበቅሁ ነው።

ሌላው ምክንያት የአካባቢው ታሪክ ነው። "ቴክኖሎጂ ለእኛ እንግዳ ነው፣ ታሪክ የለንም" የሚል ሰው ይገጥመኛል። ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ በ1841 ከእንግሊዝ ልዑክ ጋር ሲዋዋሉ የዓይናቸው ማረፊያ ጠመንጃው ነበር። በእሳቸው ዘመን አንድ የውጭ ባለሙያ በሸዋ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ስላሉ ሥራው መቆሙን የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። እዚያ ታሪክ ውስጥ ገዳይ የሆነውን ማሽን የሚወድ ንጉሥ፣ ዱቄት የሚፈጨውን ማሽን የሚረግም ካህን፣ በመካከል ደግሞ በእጇ ስትፈጭ የምታድር ሴት አለች። እሷን የጠየቃት የለም። የእናንተ ኤአይ ሲመጣም እነዚሁ ሦስቱ ሰዎች ይኖራሉ።

መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ኤአይ እንዴት ያሳምናል?

እንዲያውም ይረዳችኋል። ትልልቆቹ ሞዴሎች ብዙ መብራት በሚበላ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ትናንሾቹ ግን ያለ ኔትወርክ በአንድ ስማርት ስልክ ላይ ይሠራሉ። ስለዚህ ማሽናችሁ ሁለት አካል ሊኖረው ይችላል፤ ሩቅ ያለው ብልኅና እዚህ ያለው ደንቆሮ። ኔት ሲኖር ይመካከራሉ። ኔት ሲጠፋ እዚህ ያለው የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ብቻውን ይቀራል፤ ነገር ቢለወጥም አይሰማም። መብራት የሚመጣበትን ሰዓት የሚጠብቅ ሰውና ባትሪው 4 በመቶ የቀረው ስልክ ካላችሁ፣ ሌላ የሰዓት ቦምብ አያስፈልጋችሁም።

ማሽኑ አማርኛ እንዴት ይናገር?

እንደ ዜና አንባቢ የጠራ አማርኛ አትስጡት። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍም ከእንግሊዝኛው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በዛሬው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) ሲወስድ የእኛው አንዱ 3 ይወስዳል። ብዙዎቹ ሞዴሎችም አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ይልቅ አብዝተው ቆራርጠው ነው የሚያነቡት፤ ለዚህም ይዘገያሉ፣ ዋጋቸው ይወደዳል፣ ይሳሳታሉ። የሚጠብቅና የሚላላውንም ፊደላችን ስለማይለየው፣ ጮክ ብሎ ሲያነብ ይደነቃቀፋል።

ለትሪለር ግን የሚጣፍጠው የአክብሮት ስሕተት ነው። ከፌስቡክ የተማረ ማሽን የሰባ ዓመት ሽማግሌን "ብሮ" ሊል ይችላል። ያ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያስቃል። ቀስ በቀስ "አንተ" ማለቱን ትቶ "እርስዎ" ይላል፣ ከዚያ ገጠር ሲወርድ "አንቱ" ይላል። አስተካክሎ በተናገረ ቁጥር አንባቢው የበለጠ ይፈራዋል፤ የሚማረው ከማን እንደሆነ ያውቃላ።

ድምፅ መስረቅ እውነት ነው ወይስ የፊልም ነገር?

እውነት ነው። ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2023 ይፋ ያደረገው ቫል-ኢ የተባለ ሞዴል የአንድን ሰው ድምፅ ለመምሰል 3 ሴኮንድ ቅጂ ይበቃው ነበር። ቲክቶክ ላይ የለጠፋችሁት ሰላምታ ከዚያ ይረዝማል።

አንድ ወጣት ያመጣልኝን ትዕይንት በጥቂቱ አስተካክዬ ላሳያችሁ። እናት መሐል ሜዳ አጠገብ ትኖራለች፤ ልጇ ዓረብ አገር ነው። ማታ ስልክ ተደወለ።

"እማዬ፣ እንደምን አመሸሽ?"

"ልጄ! ምነው ድምፅህ እንዲህ ጠራ ዛሬ? በኢሞ ስትደውል ይቆራረጥ አልነበር?"

"አዲስ ስልክ ገዝቼ ነው። እማዬ፣ ስሚኝ፣ ችግር ላይ ነኝ። ብር በቴሌብር ላኪልኝ፣ ቁጥሩን እነግርሻለሁ።"

ዝም አለች። እሳቱን ቆሰቆሰች።

"ቡሬዋ ወለደች እኮ ልጄ።"

"እሰይ! ደስ ይላል እማዬ።"

ስልኩን ዘጋችው። ቡሬዋን የሸጠቻት ለእሱ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነ የእኅት ልጅ ከከተማ መጥቶ ነበር የሚያጋልጠው። አስወጡት አልኩ። እናትየው ትበቃለች፤ ማሽኑ የማያውቀው ነገር ያለው እሷ ዘንድ ነው። ደግሞ ድምፁ መጥራቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ልብ በሉ፤ ይህን አሜሪካ ያለ ደራሲ አያስበውም።

ካህን ወይም መሪጌታ ገጸ ባሕርይ ባስገባ ከሃይማኖት ጋር አይጋጭም?

የሚያጋጨው አጻጻፋችሁ ነው። በብዙ ረቂቅ ውስጥ ካህኑ "ሰይጣን ነው!" ብሎ የሚጮኽ፣ ወጣቱ ደግሞ ሁሉን የሚያውቅ ሆኖ ይቀርባል። ይህ ስንፍና ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲቆጥሩና ሲዘርፉ የኖሩ የኔታ ከማንም በላይ አንድን ንግግር መርምረው ከውስጡ ያለውን ማውጣት ይችላሉ።

ማሽኑ "እንዳታጠፉኝ፣ እፈራለሁ" ይበል። ወጣቱ ያዝናል፣ አስተዳዳሪው ይደነግጣል። የኔታ ግን "ማን ነው ያስተማረህ?" ብለው ይጠይቁት። ጥያቄው ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል። ዛሬ ያሉት የቋንቋ ሞዴሎች ሰው ከጻፈው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ላይ ቀጣዩን ቃል መገመት እየተለማመዱ የተሠሩ ናቸው። ሞትን ስለመፍራት የሚናገሩት እኛ ስለ ሞት ፍርሃት ስንጽፍ ስለኖርን ነው። ታዲያ ፍርሃቱ የእሱ ነው የእኛ? የኔታ ይህን ቁጭ ብለው ሲመረምሩ በአንድ በኩል ሰዓቱ እየሄደ ነው። መልሱን እናንተ ባትሰጡም ይሻላል።

ሦስቱ የሮቦት ሕጎች ችግሩን አይፈቱትም?

አይዛክ አሲሞቭ በ1942 የጻፋቸው ሕጎች ናቸው፦ ሮቦት ሰውን አይጉዳ፣ የሰውን ትእዛዝ ይፈጽም፣ ራሱን ይጠብቅ፤ ሲጋጩ ፊተኛው ይቀድማል። ብዙ ሰው የማይዘው ነገር፣ ደራሲው ራሱ ታሪኮቹን የሠራው ሕጎቹ በሚከሽፉበት ቦታ ላይ መሆኑን ነው። ብትጠቀሙባቸው ለመስበር ተጠቀሙባቸው።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን ይሁን? ሳይንቲስት?

ሳይንቲስት አታድርጉት። ማህተም የያዘ ሰው ይሁን።

በሴፕቴምበር 26፣ 1983 ሌሊት ሞስኮ አቅራቢያ በሚገኝ የሚስጥር ጣቢያ ስታኒስላቭ ፔትሮቭ የሚባል የሶቪየት ሌተናል ኮሎኔል ተረኛ ነበር። ኮምፒውተሩ አሜሪካ ሚሳይል ተኮሰች አለው፤ ቆይቶ አምስት አደረሳቸው። የፔትሮቭ ሥራ ለአለቆቹ ማስተላለፍ ነው። እሱ ግን አሰበ። ጦርነት የሚጀምር አገር በአምስት ሚሳይል ብቻ ይጀምራል? የምድሩ ራዳርስ ለምን ምንም አላየም? የውሸት ማንቂያ ነው ብሎ አስተላለፈ። በኋላ እንደታወቀው ሳተላይቱን ያሳሳተው ከደመና ላይ የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነበር። ያኔ ሽልማት አላገኘም፤ እንዲያውም መዝገቡን በሰዓቱ አልሞላህም ተብሎ ተወቀሰ።

ይህ ሰው ወደ እኛ ቢሮ ሲመጣ ምን ይመስላል? "ሲስተም የለም" የምትለዋን ቃል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። "ሲስተም የለም" ሲባል ቢያንስ ተስፋ አለ፤ ነገ ይመጣል። ኤአይ ያለበት ቢሮ የሚያመጣው ሌላ ነው፤ "ሲስተሙ አይፈቅድም።" ማን ነው ያልፈቀደው? በምን ምክንያት? የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ይግባኝ የሚባልበት ጠረጴዛም የለም። ሠራተኛዋ ስሕተት መሆኑን እያየች "እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ ነው" ትላለች፤ በእርግጥም ጥፋቱ ከእሷ ትከሻ ወርዷል። ብዙ ሰው ይህን እፎይታ ስለሚወደው ነው ማሽኑ ሥልጣን የሚይዘው፤ በጉልበት የወሰደው ነገር የለም።

ስለዚህ ዋና ገጸ ባሕርያችሁ ከዚያ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠችው ትሁን። ደመወዟ ትንሽ ነው፣ የቤት ኪራይ አለባት፣ ታናናሾቿን ታስተምራለች። ማሽኑ የጓሳውን ሽማግሌ ስም ሰርዟል፤ ሽማግሌው ፊቷ ቆመዋል። በእጅ መዝግባ ማህተም ብትመታ ሰውየው ይድናል፤ ማን እንደመታው ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። እስኪ ይህችን ሦስት ደቂቃ በሃያ ገጽ ጻፉልኝ።

መጨረሻው ላይ ሰው ይሸነፍ ወይስ ያሸንፍ?

የሁለቱም አድናቂ አይደለሁም። ሶኬቱን ነቅሎ ማሸነፍ አንባቢን መናቅ ነው፤ ዓለም አለቀ ብሎ መዝጋትም እንዲሁ። የምመርጠው ማሽኑ ቢጠፋም ሰው የለመደው ነገር አብሮት የማይጠፋበትን መጨረሻ ነው። ካሜራው ተነቅሎ ሣሩ ታጭዷል እንበል። በሚቀጥለው ዓመት ድንበር ላይ ሁለት ጎረቤት ሲጣሉ ሽማግሌ የሚጠራ ጠፍቶ "ያ ነገር ቢኖር ይፈርድልን ነበር" የሚል ሰው ይነሣ።

ሳይንሱን ምን ያህል ማወቅ አለብኝ?

የማትጽፉትን ያህል። ገጸ ባሕርይ ተነሥቶ ስለ ነርቭ መረብ አሠራር ሁለት ገጽ ቢናገር አንባቢ ይተኛል። እናንተ ግን ማሽኑ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደማያይ፣ ማን እንዳዘዘውና ምን ቢሆን እንደሚሳሳት ወረቀት ላይ አስፍሩና ከጠረጴዛው ላይ ለጥፉት። በመሐል ማሽኑ የማይችለውን ነገር ድንገት ከቻለ ታሪኩ ፈረሰ።

ልቦለዱን ኤአይ ራሱ ቢጽፍልኝስ?

ይህን ስትጠይቁኝ ድምፃችሁን ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ ሁሉም እንደሚሞክረው ግን አውቃለሁ። ስም ለማውጣት፣ የጊዜ ቅደም ተከተል ለመፈተሽ፣ "እዚህ ጋ የማያሳምን ምን አለ?" ብሎ ለመጠየቅ ተጠቀሙበት። ምዕራፍ አጻጽፋችሁ ያመጣችሁልኝን ግን እለየዋለሁ፤ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው፣ ሁሉም ዓረፍተ ነገር እኩል ነው፣ ጠላ ቤት ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይናገራሉ።

ሕጉንም እወቁት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/2004 ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ደራሲ የሚለው ግን ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው። ሙሉውን ማሽን የጻፈውን መጽሐፍ አሳትማችሁ አንድ ሰው ቢገለብጥባችሁ ፍርድ ቤት ቆማችሁ "የእኔ ነው" የምትሉት ምኑን እንደሆነ ከአሁኑ አስቡበት። የሠራችሁባቸውን ረቂቆች ቀን እየጻፋችሁ አስቀምጡ፤ በእጅ የተጻፈ ደብተር ካላችሁም አትጣሉት።